ከቢትልስ ጋር የዋልኩበት ማክሰኞ
ትናንት የአፕል ድረ ገጽ ነገ የማይረሳ ቀን እንደሚሆን ነግሮን ዝም አለ። የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ዕቃ ሊሸጡልን ነው አለ፤ እኔ የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ዘፈኖች በአፕል የኢንተርኔት ሙዚቃ መደብር፣ በአይቲውንስ፣ ሊሸጡ ነው ብዬ በአንድ ቡና ተወራረድኩ።

ዛሬ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2010፣ እዚህ ዋሽንግተን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገጹን ስከፍተው አራቱም የባንዱ አባላት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተደቅነዋል። ቡናዬን ጠጣሁ!

የባንዱ ኩባንያም የኮምፒውተሩም ኩባንያ ስማቸው አፕል ነው። በዚህ ስም የተነሳ ከ1978 ጀምሮ ሲካሰሱ ኖረው በ2007 ታረቁ። ሌላው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሌድ ዜፐሊን እንኳን በዚያው ዓመት ኢንተርኔት ላይ ሲሸጥ የእኛዎቹ ገና ነበሩ።

አሁን 13ቱም የቢትልስ የስቱዲዮ አልበሞች አይቲውንስ ላይ አሉ፣ አንዱ ዘፈን በ1.29 ዶላር። ሲዲዎቹን ከድሮ ጀምሮ ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጫቸዋለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ እኔም አልገባኝም። ያም ሆኖ «አቢ ሮድ» የተባለውን አልበም ገዛሁ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሳይቋረጡ አንዱ ከሌላው እየተቀጣጠሉ የሚፈሱት አጫጭር ዘፈኖች እዚህ እንደ ሙዳ ሥጋ ተቆራርጠው፣ እያንዳንዳቸው ዋጋ ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። እኔ ግን ሙሉውን ወስጄ፣ ምሳዬን ትቼ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።