ነጩ ክንፍ

ትዕዛዙ 240 ቲሸርት ነበር። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሕትመቱ ደረት ላይ፣ ቀለሙ ሦስት፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ። ሥዕሉ ክንፉን ዘርግቶ የሚበር ወፍ ነው። ከሥሩ የአንድ የሩጫ ቡድን ስም በነጭ ተጽፏል። ከዚህ የከበደ ስንትና ስንት ሥራ በእጄ አልፏል። ይሄኛው ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

የኔ ሥራ ደንበኛ ያመጣውን ሥዕል ለስክሪን ሕትመት ማዘጋጀት ነው። በስክሪን ሕትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፊልም፣ የራሱ ወንፊት አለው። ሦስት ቀለም ካለ ሦስት ፊልም ይወጣል። ፊልሞቹ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ናቸው። የቢጫውም ፊልም ጥቁር ነው፣ የብርቱካናማውም ጥቁር። ፊልሙ ኢሙልሽን የሚባል ብርሃን የሚያጠነክረው ፈሳሽ የተቀባ ወንፊት ላይ ተደርጎ ብርሃን ይበራበታል። ጥቁሩ ብርሃኑን ይከለክላል። ብርሃን ያገኘው ኢሙልሽን ይጠነክራል፣ ያላገኘው በውሃ ታጥቦ ይወርዳል። ቀለሙ የሚያልፈው ታጥቦ በተከፈተው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ፊልሙ ላይ ከሌለ ቲሸርቱም ላይ የለም። ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ደግሞ የሚደርሰው ጥቁር ፊልምና የቀለም ስም ነው።

ጨርቁ ጥቁር ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ በቀጥታ ቢታተም ጨርቁ ይውጠዋል፤ ደብዝዞ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ መሠረት ይታተማል፣ በሙቀት ቶሎ ደረቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ቀለሞች ከላይ ይመጣሉ። ነጩ ከላይ ከሚመጣው ቀለም በትንሹ ጠበብ ማለት አለበት። አለበለዚያ ወንፊቱ ቅንጣት ታህል ሲንሸራተት ነጩ ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል። እኔ መሠረቱን የሠራሁት ከወፉ ሙሉ ቅርጽ ነው፤ ዙሪያውን አንድ ፖይንት ያህል፣ ማለትም ከግማሽ ሚሊሜትር ባነሰ፣ አጥብቤዋለሁ። እሱ ላይ ስህተት አልነበረም። ኋላ ጥፋቱን የደበቀብን ግን ይኸው በደንብ የተሠራ ነጭ ነው።

ፊልም ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደንበኛው ደወለ። ክንፉ ትንሽ ከፍ ይበል አለ። ከፍ ያለ ክንፍ የሳልኩበት የመጀመሪያ ረቂቅ ነበረኝ። ከዚያ ቀዳሁና በቦታው ለጠፍኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ልክ ነው። ብርቱካናማው ከብርቱካናማው ይገጥማል፤ መጋጠሚያው እንኳን አይታይም። ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ።

ያልታየኝ ነገር ይሄ ነው። የመጨረሻው ፋይል ላይ የወፉ አካል ስፖት ቀለም ነበር። ስሙና ቁጥሩ የታወቀ፣ በአንድ ፊልም የሚወጣ ማለት ነው። በረቂቁ ላይ ግን ቀለሙን የወሰድኩት ደንበኛው በስልክ ካነሳው ፎቶ ላይ፣ በአይድሮፐር፣ ማለት ከምስል ላይ ቀለም በሚለቅመው የሶፍትዌሩ መሣሪያ ነው። ያ ቀለም ስም የለውም። የአራቱ የሕትመት ቀለሞች፣ የሳያን፣ የማጀንታ፣ የቢጫና የጥቁር ድብልቅ ነው። መልካቸው መንታ፣ ዘራቸው ሌላ። ለዓይን አንድ ቢሆኑም ለሶፍትዌሩ አይተዋወቁም።

ፊልም ሲወጣ ዝርዝሩ ላይ ሰባት ቀለም ነበር፤ አራቱ መደበኛዎቹና የኔ ሦስት ስፖቶች። አራቱን አጠፋሁ። ሁሌም አጠፋቸዋለሁ፤ አንፈልጋቸውማ። ክንፉ አብሯቸው ጠፋ።

በማግስቱ ማሽኑ ላይ የሆነውን አስቡት። ነጩ መሠረት ሙሉውን ወፍ ከነክንፉ አተመ። ብርቱካናማው አካሉን ሸፈነ። ቢጫው ምንቃሩን ሸፈነ። ክንፉን የሸፈነው የለም። ብርቱካናማ አካል፣ ነጭ ክንፍ ያለው ወፍ ወጣ። ደግሞ ያምር ነበር! ነጩ ክንፍ ከነጩ ጽሑፍ ጋር ተስማምቶ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ማሽኑ ላይ ያሉት ሰው በዚህ ሙያ የሸበቱ ናቸው። የተቀባባ፣ የተንሸራተተ፣ የሳሳ ሕትመት ከሩቅ ይለያሉ። ይሄ ግን ንጹሕ ሕትመት ነው። ምን ብለው ያቁሙት? ባለቀለሙን ሥዕል እኔ አልሰጠኋቸውም።

ያዳነችን ቲሸርት የምታጥፈው ልጅ ናት። እሷ እያጠፈች በካርቶን የምታደርገው በትዕዛዝ ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ደንበኛው የፈረመበት ባለቀለም ሥዕል አለ። መጠን ለማየት ወረቀቱን ስታነሳ ዓይኗ ሥዕሉ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄ ወፍ ክንፉ ነጭ ነው እንዴ?»

ማሽኑ ቆመ። 86 ቲሸርት ታትሟል።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ» ብለው ጠሩኝ። አልጮኹም። የብርቱካናማውን ፊልም አውጥተው ብርሃኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የወፉ አካል ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል። ክንፉ መሆን ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የመብራቱ ብርሃን። ጣታቸውን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አድርገው ዝም አሉ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ማዳን ነበር። ክንፉን ብቻ በአዲስ ፊልም አውጥተን ነጩ ላይ እንድገምበት አልን። ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ቲሸርቱ ከሚታተምበት ሰሌዳ ወርዷል፣ በምድጃ አልፏል። የምንጠቀመው ፕላስቲሶል የሚባለው የጨርቅ ቀለም ደግሞ እንዲበስል 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። ጨርቁ በዚያ ሙቀት ትንሽ ይሰበሰባል፣ ይጣመማል። መልሶ በነበረበት ቦታ በልኩ ማስቀመጥ በጣም ከባድ ነው። አሥር ሞከርን። ሦስቱ ተሳኩ። በሰባቱ ላይ ብርቱካናማው ከነጩ ወጣ ብሎ ወይም ገባ ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ «በቃ» አሉ። ለ83ቱ አዲስ ቲሸርት ተገዛ። ደንበኛው ጋ ራሴ ደውዬ የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኩት። አንድ ቀን ታገሠን።

እዚህ ላይ ስለ አይድሮፐሩ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ጀማሪዎች ከፎቶ ላይ ቀለም ሲለቅሙ አያለሁና። አራቱ ፊልሞች ቢወጡና ክንፉ በድብልቅ ቢታተም እንኳን ከአካሉ ጋር አይገጥምም ነበር። ፓንቶን በሚባለው ኩባንያ የቀለም መለያ ውስጥ እንዳለው ኦሬንጅ 021 ያለ የጠራ ብርቱካናማ በአራቱ ቀለሞች ድብልቅ አይገኝም፤ ይደበዝዛል። የኮምፒውተሩ ስክሪን የሚያሳየን ብርሃን ነው፣ ጨርቁ ላይ ያለው ግን ቀለም ነው። ፎቶው ደግሞ በምን መብራት ሥር እንደተነሳ ማን ያውቃል? ፓንቶን ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀለሞችን በቁጥር የሚለየው እንዲህ ያለው ግምት እንዲቀር ነው። ያም ሆኖ የፓንቶን የቀለም መጽሐፍ ላይ ያለው ቀለም ወረቀት ላይ የታተመ ነው። እኔ ቁጥሩን የማየው እንደ መድረሻ ነው። ፍርዱን የምሰጠው ግን በትክክለኛው ጨርቅ ላይ ታትሞ፣ በምድጃ አልፎ፣ ቀዝቅዞ ስመለከተው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልም ከማውጣቴ በፊት የማልዘለው ነገር አለ። ብርቱካናማውን ስፖት ከቀለም ሰሌዳው ላይ ከፍቼ ለጊዜው ደማቅ አረንጓዴ አደርገዋለሁ። ብርቱካናማ መሆን ያለበት ሁሉ በአንዴ አረንጓዴ መሆን አለበት። አልለወጥም ብሎ የቀረ ካለ ሰርጎ ገብ ነው። ያን ዕለት ይህን አድርጌ ቢሆን ክንፉ ብርቱካናማ እንደሆነ ቁጭ ይል ነበር፤ በአሥር ሰከንድ አየው ነበር። ከዚያ ቀለሙን እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ ቀለሞቹን ለየብቻ የሚያሳየውን የሴፓሬሽን ማሳያ ከፍቼ ፕሌቶቹን፣ ማለት የየቀለሙን ድርሻ፣ አንድ በአንድ ብቻቸውን አያለሁ። አራቱን መደበኛ ቀለሞችም ሳላያቸው አላጠፋም። ባዶ መሆናቸውን በዓይኔ ማረጋገጥ አለብኝ።

ባለቀለሙ ሥዕልም አሁን የሚሄደው ወደ ማጠፊያው ብቻ አይደለም። አንዱ ቅጂ ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። ጋሼ የመጀመሪያውን ቲሸርት ሲያወጡ ቲሸርት የምታጥፈውን ልጅ ይጠሯታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ከሥዕሉ ጋር ሳያስተያዩ ሁለተኛው ቲሸርት ሰሌዳ ላይ አይወጣም።

ባለፈው ሳምንት ባለ አራት ቀለም ሥራ መጣልኝ። አራቱም ስፖት፣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። መደበኛዎቹን ስከፍት ሳያኑ ባዶ፣ ማጀንታው ባዶ፣ ቢጫው ባዶ። ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። አጉልቼ ስፈልጋት የአንድ ፊደል ነጥብ ሆና ተገኘች፤ ፊደሉ በስፖት ጥቁር፣ ነጥቧ ብቻ በተራው ጥቁር። ቀለሟን አስተካክዬ ጥቁሩን ፕሌት እንደገና ከፈትኩት። ባዶ ነበር። ፊልሙን ላክሁት።