በኢንተርኔት ጨረታ የቀረበን ፎርጅድ የአትሌት ፊርማ እንዴት እንደለየሁ

በደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ከፍቼ ስሠራ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የአትሌቶችን ፊርማ መመርመር የጀመርኩት ግን ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በኢንተርኔት ጨረታ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ፣ ዋጋ ከማቅረቡ በፊት ምስሉን እየላከ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» ማለት በማዘውተሩ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደውን የአበበ ቢቂላን ፊርማ ነው። አበበ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ስላረፈ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ እውነተኛ ፊርማ የለም፤ አስመሳይን የሚያጓጓውም እንዲህ ያለው ስም ነው።

ብዙ ያስተማረኝ አንድ ፎቶ ነው። አበበ በሮም 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የሚያሳይ ሲሆን፣ ግርጌው ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር በአማርኛ «አበበ ቢቂላ» ተብሎ ተፈርሞበታል፤ ሻጩም ባሸነፈበት ዕለት ማታ የተፈረመ ነው ይላል። የፊደሎቹ ቅርጽ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ቅርጽን ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊገለብጠው ስለሚችል፣ እኔ አስቀድሜ የምፈልገው እጁ የሄደበትን ፍጥነት ነው። ስሙን ሲፈርም የኖረ ሰው ሳያስብበት ስለሚጽፍ መስመሩ ሲነሣና ሲያልቅ ይሳሳል፤ እያየ የሚገለብጥ ግን እየተጠነቀቀ ስለሚስል መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወፍራል፣ ጫፉ ይደነዝዛል፣ እጁ ባመነታበት ቦታ ሁሉ ቀለም ይቋጥራል። ሻጩ ጥራት ያለው ምስል እንዲልክ አስጠይቄ በኮምፒውተር ሳጎላው፣ የ«ቢ» ቅጥያ ከእግሯ ጋር በአንድ ጊዜ የተሳበች ሳትሆን ኋላ መጥታ የተለጠፈች መሆኗን፣ በመካከላቸውም ፀጉር የምታህል ነጭ ክፍተት መኖሯን አየሁ። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው በጥድፊያ ሲፈርም ያችን ቅጥያ ለብቻዋ አይስላትም።

ከፊርማው በታች ደግሞ «መስከረም 10 ቀን 1960» የሚል ቀን ሰፍሯል። የሮም ማራቶን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 መካሄዱ እውነት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ዕለቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በአማርኛ የሚፈርም የክብር ዘበኛ ወታደር የእንቁጣጣሽን ዋዜማ መስከረም 10 ብሎ ይጽፋል ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ቀኑን እንዳለ በእኛ አቆጣጠር ብንወስደውም ከሮም ውድድር ሰባት ዓመት ዘግይቶ ይውላል።

ሻጩ ማርከሩን በስሙ «ሻርፒ» ብሎ ጠርቶታል። ሻርፒ ገበያ ላይ የዋለው በ1964 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ይህ ብቻውን ፊርማውን ሐሰት ባያደርገውም (አበበ ፎቶውን ከዓመታት በኋላ ሊፈርምበት ይችል ነበርና) «በድሉ ማታ» የተባለውን ታሪክ ግን ያፈርሰዋል። የወረቀቱንም ጀርባ ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ፕላስቲክ የተቀባው የፎቶ ወረቀት በስፋት የተሰራጨው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለእንደ እኔ ያለ ባለሙያ ጀርባው ብዙ ይናገራል። መብራቱን ከጎን አድርጎ እንዲያነሣውም አስጠየቅሁት፤ በስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ቦይ ይታያል፣ የታተመ ከሆነ ግን ገጹ ለጥ ያለ ነው፣ ሲጎላም ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነጥቦች ይወጣሉ። ሻጩ ሁለቱንም አልላከም፤ በምትኩ የማረጋገጫ ወረቀቱን ደጋግሞ ላከ።

ይህ ወረቀት ማንም በማተሚያ ሊያወጣው የሚችል ነገር ነው። በአሜሪካ ኤፍቢአይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ ባካሄደው ምርመራ የተያዙት ሰዎች ከሐሰተኛው ፊርማ ጋር ሐሰተኛ ማረጋገጫም ይሸጡ ነበር፤ ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያረፈበት የቤዝቦል ኳስ እንኳ ነበረ። የታወቁ መርማሪ ድርጅቶች የሚሰጡት ቁጥር በድረ ገጻቸው ሊጣራ ይችላል፤ ቁጥሩም ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ሊቀዳ ስለሚችል ግን በመዝገቡ ላይ የሰፈረው መግለጫ ለሽያጭ ከቀረበው ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው ለማነጻጸሪያ የሚሆን ፊርማ ማግኘት ነው። ብዙዎች ከቀድሞ ጨረታዎች የወጡ ምስሎችን ሰብስበው ያነጻጽራሉ፤ እነዚያ ራሳቸው ፎርጅድ ከሆኑ ግን አዲሱ ፎርጅድ ትክክል መስሎ ይታያል። ስለዚህ የምተማመነው ለሽያጭ ባልቀረቡ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ላይ በሚገኝ ፊርማ ብቻ ነው። የአንድን ሻጭ ሁለት ዕቃዎች ደግሞ በፎቶሾፕ አንዱን በሌላው ላይ አሳልፌ አያለሁ፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ፊርማ ስለማይፈርም፣ መስመሮቹ ፍጹም ከተገጣጠሙ ሥራው የማሽን ወይም የግልባጭ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዋጋ ሳያቀርብ ተወው። ብዙ ሳይቆይ ያው ፎቶ በሌላ ሻጭ ስም ተመልሶ ቀረበ፤ ቀኑ የተጻፈበት የግርጌው ጠርዝ ተቆርጦ የነበረ ቢሆንም፣ ካስቀመጥኩት ምስል ጋር ሳስተያየው የ«ቢ» ክፍተት እዚያው ነበረች።