ሚኮሺ መሸከም ለሚፈልግ የጃፓን ነዋሪ

ጃፓን የሚኖሩ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ማትሱሪን፣ የመቅደስ በዓሉን፣ ከመንገድ ዳር በስልካቸው ቀርጸው ይመለሳሉ። ያስቆጫል፤ በየሰፈሩ ሚኮሺ የሚሸከም ትከሻ እየጠፋ ነውና። ሚኮሺ የመቅደሱ አምላክ፣ ካሚው፣ በበዓሉ ቀን ተሳፍሮ ሰፈሩን የሚዞርበት በወርቅ ቅብ ያጌጠ ትንሽ ቤት ነው።

መግቢያው በሩ ቾካይ ነው፤ የሰፈሩ ማኅበር። በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው በሰፈሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አይተው፣ ሄደው መሸከም እንደሚፈልጉ ይናገሩ። በፈረንጆቹ ሜይ ወር ሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የሚከበረው ሳንጃ ማትሱሪ ለጀማሪ ከባድ ነው። እሑድ የሚወጡት ሦስቱ የመቅደሱ ሚኮሺዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ያህል ይመዝናሉ፣ ግፊያውም ያስፈራል። ቅዳሜ የሚወጡት መቶ ያህል የሰፈር ሚኮሺዎች ይሻላሉ፤ የራስዎ ሰፈር ትንሽ በዓል ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

የሰፈሩ ስም ያለበትን ካባ፣ ሀንተን፣ ቾካዩ ያውስዎታል። ያለ ሀንተን ወይም የሌላ ሰፈር ለብሰው ከገቡ ያስወጡዎታል። ነጭ አጭር ሱሪና ጂካታቢ ግን ራስዎ ይግዙ። ጂካታቢ አውራ ጣት የሚለይ ጫማ ነው፤ በቁርጭምጭሚት በኩል ያሉትን ትንንሽ የብረት መንጠቆዎች ከታች ጀምረው ወደ ላይ ይቆልፉ። እግርዎ ከ28 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ በሱቅ ማግኘት ስለሚከብድ ቀደም ብለው ይዘዙ። ሰዓት፣ ሐብልና የጆሮ ጌጥ ቤት ይቅሩ። በስጦታ ፖስታ ከ3,000 እስከ 5,000 የን ወይም አንድ ጠርሙስ ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ይዞ መሄድ ያስከብራል።

አሁን ወደ ሸክሙ። ብዙ የውጭ ሰው የሚሳሳተው በቁመት ነው። ረጅም ሰው በአጫጭር ሰዎች መካከል ሲገባ ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ጉልበቱን አጠፍ ካደረገ ደግሞ የሁሉም ምት ይበላሻል፣ ወገቡም ይጎዳል። ስለዚህ በቁመት እኩያዎን ፈልገው ከፊቱ ወይም ከኋላው ይሰለፉ። የመሸከሚያውን እንጨት የፊት ጫፍ አይመኙ፤ እሱ የሰፈሩ ነባሮች ቦታ ነው።

እንጨቱ የሚያርፈው አንገትዎ ሥር ነው። ወደ ትከሻ ጫፍ ከተንሸራተተ አጥንት ላይ እየዘለለ ቆዳ ይልጣል። ሰውነትዎን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቁ፣ ወገብዎን ያቅኑ፣ ከ«ዋሾይ» ወይም «ሶይያ» ጩኸት ጋር በአጭር በአጭሩ ይርገጡ። ዓይንዎ ወደ ፊት እንጂ ወደ እግርዎ አይሁን። ከኋላ ያለው ተረከዝዎን ረግጦ ጫማዎ ቢወልቅ በፍጹም አይጎንበሱ፤ ሚኮሺው አይቆምም፣ ወድቀው ይረገጣሉ። ወደ ውጭ ወጥተው ያጥልቁ። ሲደክምዎትም እንደዚያው ነው፦ ተተኪው ከኋላዎ ትከሻውን ሲያስገባ እርስዎ ወደ ጎን ይወጣሉ። እንጨቱ ላይ መንጠልጠል ግን ለጎረቤትዎ ክብደት መጨመር ነው።

ሚኮሺው ላይ አይውጡ፣ ሚኮሺው አርፎ ሳለም የመሸከሚያውን እንጨት አይሻገሩ። በሳንጃ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰዎች ስለወጡበት በ2008 የመቅደሱ ሚኮሺዎች ሳይወጡ ቀርተዋል።

ሚኮሺው ሲያርፍ ሁሉም በአንድነት ያጨበጭባል፤ መሪው ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቁ። ከዚያ ናኦራይ፣ የጋራ ማዕድ፣ ይከተላል። ከመቀመጥዎ በፊት ገመድና ጠረጴዛ በማንሳት ያግዙ፣ ሀንተኑንም ታጥቦ ይሁን እንዳለ እንደሚመለስ ጠይቀው ይመልሱ። ትከሻዎ ማታውኑ ማበጥ ስለሚጀምር በረዶ ያድርጉበት።