ቢየላ የሚመታ ሚያታ

መኪናዋን ከማየቴ በፊት ድምጿን ሰማሁት። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤቱ ጓሮ አስነስቶ ሲያወጣት ከሥር ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ ትላለች። ነዳጅ ሲረግጥ ይፈጥናል። እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ይብሳል። ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ገባኝ። ቢየላ ነው፤ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር የሚያገናኘው ብረት።

ያደግሁት አውቶብስ ተራ አካባቢ፣ አባዬ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጀመሪያ ሥራዬ ብሎን በጋዝ ማጠብ ነበር። ላዳ ታክሲ ሞተሯ እየመታ ስትመጣ አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። አንዱን ሲነቅል ምቱ ከቀነሰ የታመመው ሲሊንደር እሱ ነው። እሳት ከሌለ ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው ኃይል የለም፤ ቢየላውም አይደበደብም።

ልጁን አስፈቅጄ ያንኑ አደረግሁ። አንደኛው ላይ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። ሦስተኛውን ስነቅል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ምቱ ግን ለዘብ አለ። 1,600 ዶላር ከፍዬ በተጎታች ወደ ቤት ወሰድኳት።

ለምን ሚያታ? የ1996 ማዝዳ ሚያታ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ በእጅ የሚታጠፍ ትንሽ ስፖርት መኪና ናት። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ፣ 133 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ ይሄ ጉልበት ለቤተሰብ መኪናም ትንሽ ነው። እሷን ግን ያበርራታል። ሞዴሉ በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ከታየ ወዲህ ብዙ ተሽጧል። አንድ ሚሊዮንኛዋ በ2016 ተመርታለች። ስለዚህ ዕቃ አይቸግርም። በዚያ ላይ ብሎኩ ድፍን ብረት ነው። ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ሞተር አላውቅም።

ልጁ "የዘይት ጌጁ እኮ ደህና ነበር" አለኝ። አመንኩት። ችግሩ ከ1995 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ በተሸጡት ላይ ያቺ መርፌ ግፊት አትለካም። ትንሽ ግፊት ካለ መሃል ላይ ትቆማለች፤ ከሌለ ትወድቃለች፤ በቃ። ዘይቱ እያለቀ ሲሄድ እሷ መሃል ላይ ቆማ ነበር። ማየት የነበረበት ዲፕስቲኩን፣ የዘይቱን መጠን የሚያሳየውን ዘንግ፣ ነው።

ዘይቱን ሳፈሰው በፀሐይ ያብረቀርቃል። የወርቅ ብናኝ የተበተነበት ይመስላል። ማግኔት አስጠጋሁ። አልተሳበም። ብረት ቢሆን ይሳብ ነበር። የሚያብረቀርቀው ብሮንዚናው ነው፤ በቢየላውና በክራንክሻፍቱ መካከል የሚቀመጠው ለስላሳ ሽፋን።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በላይ በኩል አወጣሁት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ብሎን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ በአማርኛ ጻፍኩበት። "ቴስታታ፣ ረጅሙ።" "የውሃ ፖምፓ፣ በግራ።" "ጓርኒሲዮን ሥር የነበረ።" ዕቃ ስገዛ በእንግሊዝኛ ነው የማዘው። እጄ ቁልፍ ሲይዝ ግን የሚመጣልኝ ቋንቋ የአባዬ ነው። ጣሊያን ትቶት የሄደ፣ የአዲስ አበባ መካኒክ የራሱ ያደረገው ቋንቋ።

የሦስተኛውን ቢየላ ካፕ፣ ክራንክሻፍቱን ከሥር የሚያቅፈውን ግማሽ፣ ስፈታ ብሮንዚናው በቦታው የለም። ሁለቱ ግማሾች ተሽከርክረው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። እንደ ደረቅ ቅጠል ሳስተዋል። ቢየላው ራሱ ከሙቀቱ ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ክራንክሻፍቱን በጥፍሬ ዳሰስኩት። ጥፍሬ ያዘ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በአሸዋ ወረቀት አይድንም።

ክራንክሻፍቱን፣ ቢየላዎቹንና ብሎኩን ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ባለቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ዕቃዬን ሳይነካ መጀመሪያ እጁን ታጠበ፤ ያን ቀን ወደድኩት። ክራንክሻፍቱ ተሞርዶ በ0.25 ሚሊሜትር ቀነሰ። በዚያው ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚና አዘዝኩ። የተቃጠለውን ቢየላ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ያገለገለ ገዛሁለት። ሲሊንደሮቹ አልተበሉም ነበር። መደበኛ መጠናቸው 83 ሚሊሜትር ነው፤ ሆኒንግ (ውስጣቸውን በድንጋይ በስሱ መሞረድ) ብቻ በቃቸው። ፒስተኖቹ ድነው አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገባላቸው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ጽዳቱ ነው። ብሮንዚና የበላ ሞተር ብናኙን በዘይት መተላለፊያዎቹ ውስጥ ይደብቃል። ያንን ሳያጸዱ አዲስ ብሮንዚና መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። የብሎኩን የዘይት መተላለፊያ መድፈኛዎች በሙሉ አወጣሁ። በቀጭን ብሩሽ፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሦስት ምሽት አጠብኩት። የመጨረሻው ነጭ ጨርቅ ነጭ እንደሆነ እስኪወጣ ድረስ። የዘይት ፖምፓውን አልጠገንኩትም፤ በአዲስ ቀየርኩት።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ መካከል ዘይት የሚገባበት ክፍተት አለ። ከጠበበ ይነክሳል። ከሰፋ ይመታል። አባዬ ይሄን የሚለካው በሲጋራ ወረቀት ነበር። ቁራጭ ወረቀት ጣል አድርጎ፣ ካፑን አጥብቆ፣ በእጁ ያዞረዋል። ሲከብድ ዝም ይላል። ሲቀል ፊቱ ይከፋል። እኔ ፕላስቲጌጅ ተጠቀምኩ። እንደ ክር የቀጠነ ሰም ነው። በደረቅ ክራንክሻፍት ላይ ታስተኛዋለህ፣ ካፑን በቶርክ ቁልፍ ታስራለህ፣ መልሰህ ትፈታለህ። በመሃል ክራንክሻፍቱ ቅንጣት መዞር የለበትም። ክሩ ተጨፍልቆ ይሰፋል። ስፋቱን አብሮት ከሚመጣው የወረቀት መለኪያ ጋር ታስተያያለህ። የሦስተኛው 0.04 ሚሊሜትር አካባቢ ሆነ። ከፀጉር የቀጠነ ነው። የዚያች መኪና ሕይወት በሙሉ እዚያች ቀጭን ቦታ ውስጥ ነው ያለው። ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ብዙ አየኋት።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ልንገራችሁ። ቢየላዎቹን ካሰርኩ በኋላ ክራንክሻፍቱን ላዞረው ስል እምቢ አለኝ። እስከ ግማሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ይከብዳል። የመጀመሪያ ሐሳቤ በረጅም ቁልፍ ማስገደድ ነበር። አባዬ ግን "የተገጠመ ሞተር ጉልበት ከጠየቀህ አንተ ነህ የተሳሳትከው" ይለኝ ነበር። ሁሉንም ፈታሁ። የሁለተኛውና የአራተኛው ካፕ ተቀያይረዋል። እያንዳንዱ ካፕ ከራሱ ቢየላ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቀረጸው፤ የሌላውን አይቀበልም። እኔ በቀለም ምልክት አድርጌ ነበር፤ ሳጥባቸው ቀለሙ ለቋል። አሁን በነጥብ መምቻ ብረቱ ላይ ነው ምልክት የማደርገው።

ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በአሥር ብሎን፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር ታሰረ። የታይሚንግ ቺንጊያውን ስገጥም ቫልቮቹን በሚከፍቱት ሁለት ዘንጎች (ካምሻፍቶች) ምልክቶች መካከል 19 ጥርስ መኖር አለበት። ቆጠርኩ። ልጄ ቆጠረች። 19 ነው።

ለማስነሳት የመረጥኩት እሑድ ጠዋት ነው። ከመርፌዋ ይልቅ የሚታመን እውነተኛ የግፊት ጌጅ በቱቦ ገጠምኩ። እሳቱን ቆርጬ በስታርተር ብቻ አዞርኩት። ግፊት እስኪመጣ። መጣ። እሳቱን መለስኩ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ግፊቱ 60 ፒኤስአይ።

ወዲያው ደግሞ ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ጀመረ። ላቤ መጣ። አዲስ አበባ ማታ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አባዬን በቪዲዮ ደወልኩለት።

"ከላይ ነው ከታች?" አለኝ።

"አላውቅም አባዬ።"

"ረጅም ካቻቢቴ አምጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ።"

ከሥር ብሎኩ ላይ አደረግሁት። ለስላሳ ነው። ከላይ የቫልቭ ክዳኑ ላይ አደረግሁት። ቲክ ቲኩ ጆሮዬን ሞላው።

"ከላይ ነው።"

"ታዲያ ቫልቮላ ነው፤ ዘይት ገና አልደረሰውም። አታጥፋት፣ ትሙቅ።"

በዚህ ሞተር ላይ የቫልቭ ክፍተቱን የሚያስተካክሉት በዘይት የሚሞሉ ትናንሽ ክፍሎች ናቸው። ባዶ ሲሆኑ ያንኳኳሉ። ስልኩን ኮፈኑ ሥር አስደግፌ ሁለታችንም ዝም አልን። አሥር ደቂቃ ያህል ሆነ። አንዱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ሌላው። መጨረሻ ላይ የቀረው የማርሚታዋ ድምፅ ብቻ ነበር።

አባዬ ጆሮውን ወደ ስልኩ ማስጠጋቱን ረስቶ ነበር። ስክሪኑን የሞላው ሽበቱ ነው።

"አሁን አጥፋ" አለኝ። "ዘይቱን ዛሬውኑ ቀይር። ፊልትሮውን ክፈተውና አሳየኝ።"