የአንጎልን የመማር አቅም መለካት

አንድ አረጋዊ ስም መርሳትና ቀጠሮ መዘንጋት ቢያበዙም የዕለት ኑሯቸውን ራሳቸው መምራት እስከቻሉ ድረስ፣ ሐኪሞች ሁኔታውን ቀላል የአእምሮ ችሎታ መቀነስ ይሉታል። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ደረጃ ላይ ከነበሩት ሰዎች በየዓመቱ 12 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ወደ መርሳት በሽታ ተሸጋግረዋል። ለዓመታት ባሉበት የሚቆዩ፣ አልፎ ተርፎም ወደ ቀድሞ ይዞታቸው የሚመለሱ ሰዎችም አሉ። ስለሆነም ከጎደለው መጠን ይልቅ፣ አንጎላቸው አሁንም ከልምድ ተምሮ ራሱን የመለወጥ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ባለሙያዎች ኒውሮፕላስቲሲቲ የሚሉት ይህንን አቅም ነው።

በየክሊኒኩ የተለመደው ፈተና ግን ይህን አይነግረንም። በ2005 በሞንትሪያል በዚያድ ናስረዲን የቀረበው ሞካ የተባለው መመዘኛ ከ30 ነጥብ የሚታረም ሲሆን፣ ሰዓት መሣልን፣ ኪዩብ አስመስሎ መገልበጥንና አምስት ቃላትን ቆይቶ ማስታወስን ይጠይቃል፤ 26 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ውጤት ይባላል። የትምህርት ዘመናቸው ከ12 ዓመት ላልበለጠ ሰዎች አንድ ነጥብ ይጨመርላቸዋል። እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ እናቶቻችን፣ በተለይም በሰው አገር በአስተርጓሚ ለሚፈተኑት፣ አንድ ነጥብ ይህን ሁሉ ልዩነት ታካክሳለች ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ሌላው መንገድ ሰውየውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ሬይ በተባለው የቃላት ፈተና 15 ቃላት አምስት ጊዜ ይነበባሉ፤ ተፈታኙም ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ያስታወሰውን ይናገራል። በስፔን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲዋ ማሪያ ዶሎረስ ካሌሮና ባልደረቦቿ በንባቦቹ መካከል ለተፈታኙ እርዳታና ማበረታቻ እየሰጡ፣ በዚህ ምክንያት የሚገኘውን መሻሻል የመማር አቅም መለኪያ አድርገው ተጠቅመውበታል። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬቨን ደፍ ደግሞ ያንኑ አንድ ፈተና ከሳምንት በኋላ መልሶ በመስጠት አጥንቷል። ጤነኛ አረጋውያን በሁለተኛው ጊዜ የተሻለ ውጤት ያመጣሉ፤ ችሎታቸው ከቀነሰው መካከል ደግሞ ምንም መሻሻል ያላሳዩት ወደፊት ይበልጥ የመድከም ዝንባሌ እንዳላቸው ታይቷል። ፈታኞች ለረጅም ጊዜ የልምምድን ውጤት፣ ማለትም ፈተናን በመድገም ብቻ የሚገኘውን መሻሻል፣ መታረም ያለበት ስሕተት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ፣ ያ ስሕተት የተባለው ነገር ራሱ የምንፈልገው መረጃ ሆኖ መገኘቱ ነው።

አንጎሉን በቀጥታ ለመለካት የሚሞክሩም አሉ። በ1985 አንቶኒ ባርከር በእንግሊዝ ሼፊልድ ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ራስ ላይ በተደገፈ ጥቅል ሽቦ የሚፈጠር ቅጽበታዊ የማግኔት ኃይል እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሲነካ አውራ ጣት ትንቀሳቀሳለች፤ የእንቅስቃሴዋም መጠን ይመዘገባል። በ2000 በጀርመን ሮስቶክ የዮሴፍ ክላሰን ቡድን በዚህ ላይ ተመሥርቶ፣ የእጅ አንጓን ነርቭ በኤሌክትሪክ ካነቃቃ በኋላ በ25 ሚሊሰከንድ ልዩነት የማግኔቱን ምት አስከተለ። ሁለቱ ምልክቶች አንጎል ውስጥ እየተገናኙ ደጋግመው ሲጣመሩ የጣቷ ምላሽ ይጨምራል፤ ጭማሪውም ጥምረቱ ካበቃ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ይህም የነርቭ ሴሎች ግንኙነት መጠናከሩን ያመለክታል። በ2017 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥምረትን በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው ኤሌክትሮኤንሰፋሎግራም ሲለኩ፣ ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት የሆነው የአልዛይመር ታማሚዎች ምላሽ ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ይሁን እንጂ ከጤነኛ ወጣቶች መካከል እንኳ ብዙዎቹ የሚጠበቀውን ለውጥ አያሳዩም፤ ዕድሜ፣ የቀኑ ሰዓት፣ ትኩረትና የዘር ውርስ ውጤቱን ይቀይሩታል። ከዚህም ሌላ ጣትን የሚያዘው የአንጎል ክፍል የማስታወስ ዋና ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐስ አይደለም፤ እርሱ ጥልቀት ስላለው ማግኔቱ በቀጥታ አይደርስበትም። ስለዚህ ይህ ልኬት ሁለት ቡድኖችን ለማነጻጸር ቢጠቅምም፣ በአንድ ግለሰብ ላይ ፍርድ ለመስጠት ገና አልበቃም፤ ቤተሰብም እንደዚያ ሊረዳው አይገባም።

በሳምንቱ የሚደገመው ፈተና ግን ከወረቀት፣ ከሰዓትና ከሠለጠነ ፈታኝ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። በአማርኛ እንዲያገለግል፣ ፊደል ያልቆጠሩትም የተማሩትም ጤነኛ አረጋውያን በአንድ ሳምንት ውስጥ በተለመደው ሁኔታ ምን ያህል እንደሚሻሻሉ አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ይህ መነሻ ከሌለ የአንድ እናት ውጤት አለመሻሻሉ በሽታን ይሁን የፈተናውን እንግዳነት መለየት አይቻልም።