መሹለኪያ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሥራው ቆመ። እኔም በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ጣራውን አዳመጥኩ። ጅማ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ተቀምጦም መደማመጥ የለም። እማዬ ዝናብ ሲመጣ ወሬዋን ታቋርጥ ነበር። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሲያባራ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። ግማሽ ሰዓት ቢቆይም አትረሳውም።

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ብሎኛል። ድካም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አቧራና ጭቃ ውስጥ ነኝ። ይህን ደብተር ያወጣሁት ስለ ኋላው ግድግዳ ልጽፍ ነው።

የምናድሰው የእማዬ ቤት ጭቃ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት፣ እማዬ ጤነኛ ሳለች፣ በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር። ቤቱ ይመርላት፣ በየዓመቱ ከመምረግም ትረፍ ብለን ነው። ባለፈው ሳምንት ቤቱን የሚያድስልን ጋሼ በመዶሻው ጫፍ ኳ ኳ ሲያደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። በዲጂኖ ትንሽ ፈልቀቅ ሲያደርገው የበር ስፋት ያለው ልስን ባንዴ ተገንድሶ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። ማገሩን በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። ምስጥ ውስጡን በልቶ ጨርሶታል። ልጡ ብቻ ነው የእንጨቱን ቅርፅ ይዞ የቆየው።

«ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል» አለኝ ጋሼ። «ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም። ምስጥ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል?»

ያን ቀን በጣም አዘንኩ። እኛ ለቤቱ መልካም ያደረግን መስሎን ነበር። ያኔ የለሰነው ሰውም ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ አንድ ቃል አልነገረን።

ደግነቱ ቋሚዎቹ ደህና ናቸው። አባቴ ወይራ ነው ያስተከለው። ጋሼ አንድ በአንድ እየመታ ሰማቸው። «ይሄ አንቺንም እኔንም ይቀብራል» አለኝ። ደስ አለኝ።

እና ወደ ጭቃ ተመለስን። ከጓሮ የወጣው ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ተቆልሏል። ጠዋትና ማታ ውሃ እየጨመሩ በእግር ይረግጡታል። ሳምንት አልፎታል። ይሸታል። ጋሼ ደግሞ ሽታው ካልመጣ ጭቃው አልደረሰም ባይ ነው፣ ቸኩሎ አያውቅም። ከሥር ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ ይገነባል፣ ዝናቡ ከመሬት እየነጠረ ጭቃውን እንዳይመታ። አዲስ የሚተከሉት እንጨቶች እግራቸው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ከዚያ የመጀመሪያው ምርጊት ይመታል። ደርቆ ይሰነጣጠቅ ዘንድ ይተዋል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ላመ ያለው። መጨረሻ ላይ እበት ያለው ማለስለሻ። የጣራውን ክፈፍም ወደ ውጪ እናስረዝመዋለን። ጋሼ የጅሬንን ምሳሌ ሰጠኝ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። በዚህ ዝናብ እንጨት እንዲህ የሚቆየው ጣራው ካለበሰው ነው ይላል።

ግን ውሃው ከላይ ብቻ አልነበረም የሚመጣው። እሱን ትናንት ነው ያየነው። ጓሮው ከዓመት ዓመት አፈር እየተቆለለበት ከፍ ብሏል። እማዬ በየዓመቱ ግንቦት ሳይገባ የምታስቆፍረው ቦይ ደፍኗል። ከአጥሩ በኩል የሚወርደው ውሃ በሙሉ ዞሮ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቦዩን ፈልገን ማግኘት ነበረብን። ዶማ ይዤ ከልጆቹ ጋር ወረድኩ። አሮጌው ቦይ ከቡናው መሃል ይነሳል። ጫፉ አጥሩ ጋ ነው።

አጥሩ ጋ ስደርስ ሲባጎው ተወጥሯል።

ግንበኛው በጠዋት መጥቶ ለካ። የኮርቹ አጥር ሊወጣና በብሎኬት ሊተካ ነው። ታላቄ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው። አዲስ አበባ ሆና ቤቱ ሲያሳስባት ያድራል። እውነቷን ነው፣ ኮርቹ አርጅቷል። እሾሁም ቢሆን ጦጣ አላስቆመም። ካርታው ላይ ያለው ወሰን ተለክቶ ካስማ ተመቷል። ሲባጎው ከካስማ ካስማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እና መሃል ላይ፣ ሁለቱ ትልልቅ ኮርቾች በተራራቁበት፣ መሹለኪያው ላይ ያልፋል።

መሹለኪያውን ረስቼው ነበር። እንዴት እንደሚረሳ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከፊት ለፊቱ በር ይልቅ በሱ ነበር የምገባና የምወጣው። ስፋቱ አንድ ሰው ዞር ብሎ ቢገባ ነው። ከእግር ብዛት መሬቱ ጎድጉዷል፣ ዛሬም ጎድጓዳ ነው። ወዲያ ማዶ የአኮ ግቢ ነው። አያታችን አልነበሩም፣ ግን የሠፈሩ ልጅ ሁሉ አኮ ነው የሚላቸው። እማዬ በአማርኛ ታወራለች፣ አኮ በኦሮምኛ ይመልሳሉ። አንዳንዴ ይገለባበጡና እማዬ በኦሮምኛ፣ አኮ በአማርኛ። ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ጠዋት እሳት የሌለው ቤት በዚያ ይጭራል። እኔ በገል ፍም ይዤ ስመለስ አይኔን ከፍሙ አላነሳም ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥሪው ነው። «ቡና ደርሷል!» አንዴ ከዚህ ወደዚያ፣ አንዴ ከዚያ ወደዚህ። አቦሉ ሳይቀዳ አንደኛቸው በመሹለኪያው ጎንበስ ብለው ይገባሉ። በረካው እስኪደርስ የሠፈሩ ነገር ሁሉ ይነሳል፣ ይወድቃል።

ፋሲካ ሲሆን የእማዬ ድፎ ዳቦ በዚያ ይሄዳል። ኢድ ሲሆን ሙሸበክ በሰሃን ይመጣል። ሥጋ አያልፍም። ማንም ክልክል ነው ብሎ የነገረን የለም፣ ግን ሥጋ በመሹለኪያው እንደማያልፍ ሁላችን እናውቃለን። ሌላው ሁሉ ያልፋል። ባዶ ሰሃን ግን አይመለስም። እማዬ ምንም ባይኖራት ሦስት ዘይቱን ትጥልበታለች።

ቡናውም ያው የአንድ ቤት ቡና ነው። እኔ ሳልወለድ ነው ይህ የሆነው። የድሮዎቹ ቡናዎች በሲቢዲ ተመቱ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 አገራችን የታየው፣ ፍሬውን አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረው በሽታ ማለቴ ነው። አባቴ ከዓመታት በኋላ 74110 የሚባለውን ችግኝ አመጣ። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን ይቋቋማል ብሎ የመረጠው ነው። 74ቱ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ 1974። አባቴ አሥር ችግኝ አመጣ። ሰባቱን እዚህ ተከለ። ሦስቱን በመሹለኪያው ለአኮ አቀበላቸው። እማዬ እንዲህ ነበር የምትነግረን። ስለዚህ በየትኛውም ግቢ ብትጠጣው ያው ቡና ነው።

ሰባቱ ዛሬም አሉ። ረዝመዋል፣ ፍሬያቸው ጫፍ ላይ ብቻ ሆኗል። እማዬ ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት እየሳበች ነበር የምትለቅመው። ግብርና ኮሌጅ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በመጣ ቁጥር ይጎንደሉ ይላል። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲም ትቶ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ጉቶው ያቆጠቁጣል። ካቆጠቆጠው ሁለት ሦስቱን መርጦ ሌላውን ማንሳት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ታግሦ እንደገና ደህና ምርት ይገኛል። እማዬ እሺ አላለችም። «እኔ ሁለት ሦስት ዓመት የምጠብቅ ሰው ነኝ?» አለችው። ሳቅን ያኔ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። ተጎንድለው ቢሆን ኖሮ ፍሬውን ቁማ ትለቅመው ነበር። ይሄን ሳስበው ያመኛል።

ዘንድሮ እጎነድላቸዋለሁ። ቆርጫለሁ። ግን ሦስቱ የአኮ ቡናዎችስ? ከመሹለኪያው አጎንብሼ አየኋቸው። አሉ። እነሱም እንደኛዎቹ ሰማይ ነክተዋል።

አኮ ካረፉ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ተበታትነዋል። ግቢው ተሸጦ ሌላ ሰው ገብቶበታል። ባልና ሚስት ናቸው፣ ትንሽ ልጅ አላቸው። ሴትዮዋን መንገድ ላይ ሰላም እላታለሁ፣ ትመልስልኛለች። ከዚያ አላለፍንም። እሷ የት አደገች፣ ምን ትወዳለች፣ አላውቅም። እሷም ይህ መሹለኪያ ምን እንደሆነ አታውቅም። ለእሷ የአሮጌ አጥር ቀዳዳ ነው።

ልጇ ግን ያውቀዋል። ባለፈው ሳምንት ጭቃው ሲረገጥ ድንገት ከኮርቹ መሃል ብቅ አለ። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ጭቃው ውስጥ የሚንቦጫረቁትን ልጆች አፉን ከፍቶ አየ። ጋሼ አንድ ዘይቱን ቀጥፎ ሰጠው። ተቀብሎ በመጣበት ተመልሶ ሹልክ አለ። ማንም አላሳየውም። ከየት ተማረው?

ግንበኛው ዝናቡ ሊመጣ ሲል ዕቃውን እየሰበሰበ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ይቺን ቀዳዳ እንዝጋት ወይስ በር ይቀመጥባት? በር ከሆነ አሁን ንገሪኝ። ፌሮው ከታሰረ በኋላ ይቸግረኛል።»

ላስብበት አልኩት።

«ከሆነ ደግሞ መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን?»

ይሄኛውን መመለስ አቃተኝ። በእኔ በኩል ከሆነ እኔ ስፈልግ ብቻ የሚከፈት በር ነው። በእነሱ በኩል ከሆነ ታላቄ እንቅልፍ አይወስዳትም። በሁለቱም በኩል ከሆነ ሁለታችንም በአንድ ሰዓት ካልፈለግን አይከፈትም። መሹለኪያው መቀርቀሪያ አልነበረውም። አኮና እማዬ ተኮራርፈው የከረሙበት ጊዜ አለ፣ በበቅሎ ይሁን በዶሮ፣ ምክንያቱን አላስታውስም። ያኔም ክፍት ነበር። ሁለቱ አይሄዱበትም እንጂ እኛ ልጆቹ ስንመላለስበት ነው የከረምነው። በመጨረሻም የእኛ ምልልስ ይመስለኛል ያስታረቃቸው።

ይበልጥ የከበደኝ ግን እንዲህ ያለው ነገር በሲባጎና በፌሮ መሃል መወሰኑ ነው። ያንን መሹለኪያ ማንም አልሠራውም። ኮርቹ ሲተከል እንዲያው ክፍተት ቀረ፣ እግር አሰፋው። እኔ ደግሞ ነገ ለግንበኛ በሳንቲሜትር መንገር አለብኝ። በእማዬና በአኮ መሃል የነበረው ነገር በር ስለተቀመጠ ይመጣል ወይ? በሩ ስላልተቀመጠስ መቼም እንዳይመጣ ላደርግ ነው?

አሁን መሽቷል። ዝናቡ አባርቷል። ኮርኒሱ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ፋኖስ ይዤ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ሲባጎው ውሃ ጠጥቶ ረግቧል። ዛሬ የቆፈርነው ቦይ ሞልቶ እየሄደ ነው፣ ድምፁ ይሰማል። ወዲያ ማዶ መብራት በርቷል። የሚቆላ ቡና ይሸታል። ከሦስቱ ዛፎች የተለቀመ ይሁን ከመርካቶ የተገዛ፣ ሽታው አይናገርም።

ግንበኛው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከእሱ በፊት ሴትዮዋን ማነጋገር አለብኝ። በፊት ለፊቱ በር ዞሬ ላንኳኳ ወይስ በዚሁ ልጥራት? ብጠራትስ፣ ስሟን እንኳ አላውቅም፣ ምን ብዬ?