ብሬከሩ ወርዶ ያልተኛው ሲሊንደር

ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ ባለሙያነት በተቀጠርኩበት ዓመት፣ በየማለዳው ከደሴ ተነስቼ በሠራተኞች ሰርቪስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየወረድኩ እሠራ ነበር። የተማርኩት ስለ ሞተርና ስለ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በመሆኑ፣ አክቹዌተር ሲባል፣ ማለትም ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው የማሽን ክፍል ሲነሳ፣ የሚታየኝ ሞተር ብቻ ነበር። ተራ ሞተር ደግሞ መብራቱ ከተቋረጠ ጉልበት የለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ፈረቃ ሊቀየር ጥቂት ሲቀረው፣ የተሞሉ ካርቶኖችን ከማጓጓዣው ወደ ፕላስተር መለጠፊያው የሚገፋው ማሽን ቆመ። የአንዱ ካርቶን ጥግ በመሪው ብረት ላይ ተወትፎ፣ በታመቀ አየር ፒስተኑን የሚገፋው የአየር ሲሊንደር ክንድ መሃል መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፒስተኑ መድረሱን የሚጠቁመው ሴንሰር ስላልበራም ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ማሽኑን አስቁሞታል። የማሽኑን መብራት የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ ብሬከሩን፣ አወረድኩ፤ «አትንኩ» የሚለውን ሰሌዳም በኩራት ሰቀልኩ። ከዚያ እጄን አስገብቼ ካርቶኑን በቢላዋ መቅደድ ጀመርኩ። ካርቶኑ እንደላላ ክንዱ ተወርውሮ ወጣ። ኦፕሬተሯ «ኧረ በአላህ!» ብላ ስትጮህ እጄን መንጭቄ አወጣሁ፤ ጓንቴ ግን በገፊው ሳህንና በብረቱ መካከል እንደተጣበቀ ቀረ። እኔን ያገኘኝ የጠቆረ ጥፍር ብቻ ነበር።

ዋናው መካኒክ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው፣ መጥተው ጣቴን ካዩ በኋላ ወደ ግፊት ጌጁ ጠቆሙኝ። 6 ባር ያነባል። ሲሊንደሩ የውስጥ ስፋቱ 63 ሚሊሜትር ስለሆነ በዚህ ግፊት 1870 ኒውተን ገደማ ይገፋል፤ 190 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ጓንቴ ላይ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። አየሩን የሚመራው ቫልቭ ባለ ሁለት ኮይል (በኤሌክትሪክ ቫልቩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) ነበርና መብራቱ ሲጠፋ በመጨረሻው ትእዛዝ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ እኔ ብሬከር ሳወርድ ሲሊንደሩ «ግፋ» የተባለውን አልረሳም። በስፕሪንግ የሚመለስ ባለ አንድ ኮይል ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ብሬከሩን ባወረድኩበት ቅጽበት ክንዱ በራሱ ወደ ኋላ ይሮጥ ነበር፤ እጁን ላስገባ ሰው ሁለቱም አይመቹም።

ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የአየር መዝጊያ ሮጬ ዘጋሁ። ጌጁ ንቅንቅ አላለም።

«ዘጋኸው እንጂ መቼ አስተነፈስከው?» አሉኝ ጋሼ።

በቀጣዩ ሳምንት ከእሳቸው ጋር ማሽኖቹን በየተራ ስንዞር፣ ሞተር ብዬ በአንድ ቅርጫት የከተትኳቸው ነገሮች አሟሟታቸው የተለያየ መሆኑን አየሁ። ብጣሽ የሚጨምቀው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ፓምፑ ከቆመ በኋላም በናይትሮጅን በተሞላው የግፊት ማጠራቀሚያው፣ አኩሙሌተሩ፣ ውስጥ ግፊት ይዞ ይቆያል። ዕቃ ወደ ላይ የሚያነሳው ሰርቮ ሞተር፣ ማለትም ቦታውን በትክክል ጠብቆ የሚንቀሳቀሰው ሞተር፣ ግን ተቃራኒ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጉልበቱ ስለሚከዳው፣ ፍሬኑ ካልያዘው የተሸከመውን ይዞ ይወርዳል። እኔ ለሁሉም አንድ ብሬከር በቂ ነው ስል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የፋብሪካው የሥራ መመሪያም ከዚያ የዘለለ ነገር አይልም ነበር።

ግዢው ብዙ ምልልስ ቢፈጅም፣ ሲዘጋ ወደ ማሽኑ የገባውን አየር ወደ ውጭ የሚለቅና ቁልፍ የሚገባለት ቫልቭ በመጨረሻ ተገጠመ። መጀመሪያ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አየሩ ለጥቂት ሰከንዶች እየፏጨ ወጣ፤ የጌጁ ቀስት ዜሮ ላይ ተኛ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ጎንበስ አሉና፣ ጓንቴን የበላውን ክንድ በመዳፋቸው ገፍተው ወደ ቤቱ መለሱት።